የዓባይ ምንጭና የጽሑፍ ምንጭ

«የውክፔዲያ ሕግ የፈረንጅ ሕግ ነው፤ አባቶቻችን የነገሩንን ለመጻፍ የማን ፈቃድ ያስፈልገናል?» የሚለው አነጋገር በመምህራን ማረፊያ፣ በባህል ጽሕፈት ቤቶችና በኪነ ጥበብ ሰዎች ጨዋታ መካከል ሥር እየሰደደ መጥቷል። አነጋገሩ ለጆሮ ይጥማል። የአገር ፍቅር ቃና አለው፤ ለተናቀ ዕውቀት ጥብቅና የቆመም ይመስላል። ጠጋ ብለው ሲመረምሩት ግን የአገር ፍቅርን ኩታ ደርቦ የመጣ ስንፍና ሆኖ ይገኛል። ይህንንም ለማስረዳት ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬና በዙሪያቸው ካለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር አልፎ መሄድ አያስፈልግም።

በቅድሚያ ስለ መዝገቡ ጥቂት ማለት ይገባል። ውክፔዲያ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በጥር ወር 2001 በእንግሊዝኛ የተጀመረ፣ በበጎ ፈቃደኞች የሚጻፍና የሚታረም፣ በኢንተርኔት የሚነበብ መዝገበ ዕውቀት ነው። ጸሐፊው ደመወዝ የለውም፤ አንባቢውም ዋጋ አይከፍልም። የእንግሊዝኛው ክፍል ዛሬ ከ7 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች ሲይዝ የአማርኛው ገና በ15 ሺህ አካባቢ ይውተረተራል፤ ከእነዚያም ብዙዎቹ ከሁለትና ከሦስት ዓረፍተ ነገር ያልዘለሉ ናቸው። ማንም ሰው ገብቶ ሊጽፍ፣ የተጻፈውንም ሊያርም ይችላል። ነገር ግን የጻፈው ሁሉ፣ የሰረዘውም ሁሉ ከነቀኑና ከነሰዓቱ በገጹ ታሪክ ውስጥ ተመዝግቦ ይቀራል። የሕጎቹም ፍሬ ነገር ጥቂት ነው፦ ለምትጽፈው ነገር የታተመና የታመነ ምንጭ ጥቀስ፤ ክርክር ባለበት ጉዳይ ለአንዱ ወገን አታድላ፤ ራስህ የደረስህበትን አዲስ ግኝት መጀመሪያ እዚህ አታውጣ፤ የሌላውን ሰው ድርሰት አትገልብጥ፤ ከሌላው አራሚ ጋር ስትጋጭ አንተ እርሱን፣ እርሱ አንተን ከመሰራረዝ ይልቅ በውይይት ገጹ ላይ ተነጋገር። ለመሆኑ በጎጃም ከዋርካ ሥር የሚቀመጥ የሽማግሌ ሸንጎ ከተከራካሪዎች የሚጠይቀው ከዚህ በምን ይለያል? «ማን አየ? ማን ሰማ? ምስክርህን ጥራ» አይደለምን?

በሰከላ ወረዳ ከግሽ ተራራ ሥር የምትፈልቀው ምንጭ የዓባይ መነሻ መሆኗን የአካባቢው ሕዝብ ያወቀው መንገደኛ ነግሮት አይደለም። ሕዝቡ ለምንጯ ስም አውጥቶላት፣ ሥርዐት ሠርቶላት ኖሯል። ስፔናዊው የኢየሱሳውያን ካህን ፔድሮ ፓኤዝ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሄዶ ስፍራውን ያየው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1618 ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከዚያው የደረሰው በ1770፣ ማለትም ከመቶ ኀምሳ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። ይሁን እንጂ ብሩስ በ1790 አምስት ትላልቅ ጥራዞች አሳትሞ፣ «ፓኤዝ ስፍራውን አላየውም» ብሎ ተከራክሮ፣ የመጀመሪያነቱን ክብር ለራሱ አደረገ። ፓኤዝ ስለ ምንጩ የጻፈው ቃል በሌሎች ሰዎች መጻሕፍት ውስጥ በቁራጭ ቢወጣም፣ ሙሉው የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፉ በእጅ ጽሑፍነቱ ተዘግቶበት ቆይቶ በሮም የታተመው በ1905 እና በ1906 ነው። ያላሳተመ ሰው በዓይኑ ያየውን እንኳ እንደሚነጠቅ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት ይመጣል? የብሩስን ቃል ያፈረሰውም ከሳሽ በጩኸት ስለ በረታበት አይደለም፤ የቀደመው ሰው ጽሑፍ ታትሞ ማንም ሊያየው በሚችልበት ቦታ ስለ ተቀመጠ ነው። ከሁለቱም በፊት ምንጩን ያውቅ የነበረው የሰከላ ገበሬ ግን በክርክሩ ውስጥ ተከራካሪ ሆኖ አልቀረበም። ሁለቱ ባዕዳን ሲሟገቱ እርሱ ስለ እርሱ የሚጻፍበት እንጂ የሚጽፍ አልነበረም።

(ገድላቸው እንደሚተርከው አቡነ ዘርዐ ብሩክ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለዚያው ለዓባይ ውኃ አደራ ሰጥተው ከዓመታት በኋላ አንድም ቅጠል ሳይርስ ተቀብለዋል። የዛሬው የምዕራብ ጎጃም ታሪክ እንዲህ ያለ አደራ ጠባቂ አላገኘም።)

አሁን ወደ ክሱ እንመለስ፦ «የፈረንጅ ሕግ ነው» ወደሚለው። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ስመ ጥር ከሆኑት ሦስት የቅኔ ቤቶች፣ ከዋድላ፣ ከጎንጅና ከዋሸራ፣ ሁለቱ የጎጃም ናቸው። በቅኔ ቤት የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ማሰማት ነውር ነው፤ የተያዘበት ተማሪ በጓደኞቹ ፊት መሣቂያ ይሆናል። የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ደግሞ አንዱን ትርጉም ከተናገረ በኋላ «አንድም» ብሎ ሌላውን ይጨምራል፤ እንደገናም «አንድም» ይላል። የላይ ቤትና የታች ቤት ሊቃውንት በተለያዩበት ቦታ ልዩነቱን ከነባለቤቱ ያስተምራል እንጂ ለእርሱ የጣመውን ብቻ መርጦ አያወርስም። ይህን የትርጓሜ ስልት በዘመኑ ቋንቋ ግለጽ የተባለ ሰው፣ ውክፔዲያ ስለ ሚዛናዊነት ከደነገገው የተሻለ ቃል ለማግኘት ይቸገራል። እርግጥ ነው፣ የአብነት ትምህርት ቤትና የኢንተርኔት መዝገብ አንድ አይደሉም። በመጀመሪያው ሥልጣኑ የመምህሩ ነው፤ በሁለተኛው መምህሩም ተማሪውም እኩል ብዕር ይዘው ይቀመጣሉ፣ ይህም ለብዙ መምህራን ዋናው የቅሬታ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። የተናጋሪውን ስም ጠርቶ መናገር ግን ከባሕር ማዶ ተገዝቶ የመጣ ልማድ አይደለም።

«ስለ አገሩ የሚጽፍ የአገሩ ልጅ ብቻ ነው» የሚለውም አስተሳሰብ የዚሁ ክስ ታናሽ ወንድም ነው። በውክፔዲያ ሕግ ማንም የገጽ ባለርስት ሊሆን አይችልም፤ የፍኖተ ሰላምን ገጽ የጀመረ ሰው ገጹን እንደ ጉልት ሊያጥረው አይፈቀድለትም። ይህ ለምን ያስቆጣል? የጎጃምን ታሪክና የትውልድ ሐረግ ጽፈው ያቆዩት ሠዓሊውና ጸሐፊው አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ራሳቸው የተወለዱት ከዓባይ ማዶ በወለጋ ምድር አልነበረምን? ዛሬ ጎጃሜው ስለ አያቶቹ ሲከራከር የእርሳቸውን መጽሐፍ ይጠቅሳል። መጽሐፉ የሚመዘነውም በያዘው ነገር ነው።

ሕጉ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት የፍኖተ ሰላምን ስም መውሰድ ይበቃል። የከተማይቱ የቀድሞ ስም ወጀት ነው። የአሁኑን ስም ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ እንዳወጡላት ይነገራል። እንበል አንድ የአገሩ መምህር ይህን ሊጽፍ ተነሣ። ከአያቱ የሰማውን ታሪክ ወሰደ፤ ለማሳመርም ንጉሠ ነገሥቱ ቆመው የተናገሩትን ቃል በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገባ፤ የዛፉን ዓይነት፣ የበቅሎዋን ቀለም ጨመረ። ሌላ አራሚ መጥቶ «ምንጭ የለውም» ብሎ አወጣው። መምህሩ መለሰው። ያኛው እንደገና አወጣው። በሦስተኛው ቀን መምህሩ «ታሪካችንን ሊያጠፉ ነው» እያለ በየሻይ ቤቱ ይናገራል። ጥፋቱ የማን ነው? ሕጉ መምህሩን የጠየቀው እጅግ ቀላል ነገር ነበር፦ የቀድሞው ስም ወጀት መሆኑን ጽፈህ ይህን የሚል መጽሐፍ ከነገጹ ጥቀስ፤ ስለ አዲሱ ስም አወጣጥ «እገሌ በዚህ መጽሐፍ እንዲህ ብለዋል» በል፤ ሌላ የሚል ካለም «አንድም» ብለህ ጨምር። ንግግሩን፣ ዛፉንና በቅሎዋን ግን በልብ ወለድ ድርሰትህ ውስጥ አስቀምጣቸው፤ እዚያ ያምራሉ። ይህን ማድረግ ያቃተው መምህር ክፍል ገብቶ የተማሪውን ድርሰት «ይህን ከየት አመጣኸው?» ብሎ ሲያርም ምን ይሰማው ይሆን?

የዘመን አቆጣጠሩም ጉዳይ እንዲሁ በዋዛ የሚታይ አይደለም። በጥር 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል ድንበሩን ተሻገሩ፤ በየካቲት መጨረሻ የኢጣልያ ጦር የቡሬን ምሽግ ለቅቆ ወደ ደምበጫ አቅጣጫ አፈገፈገ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። አሁን አንድ ቸኳይ ተርጓሚ «1933» የሚለውን ቁጥር እንዳለ ወደ እንግሊዝኛው ገጽ ያሸጋግረው። ኢጣልያ ኢትዮጵያን የወረረችው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1935 ነውና፣ በዚያ ገጽ መሠረት ንጉሡ ጠላት ከመግባቱ ከሁለት ዓመት በፊት ከስደት ተመለሱ ማለት ነው። ዓመተ ምሕረቱን ለይታችሁ ጻፉ የሚለውን መመሪያ እንደ ጥቃቅን ነገር የሚንቅ ሰው በገዛ እጁ አርበኛውን ካልተወለደ ጦርነት ያዘምተዋል።

በስምም ላይ ተመሳሳይ ጣጣ አለ። ቡሬ በጎጃም ብቻ አይደለም። በኢሉ አባ ቦር ቡሬ አለ። በአፋርም ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት ዘመን በየዜናው ይጠራ የነበረ ቡሬ አለ። ሦስቱን የሚለይ ገጽ ሳይኖር የአንዱን ምሽግ ለሌላው መስጠት፣ የአንዱንም ገበያ በሌላው ማቆም ቀላል ነው። አጻጻፉስ? አንዱ «ሰላም»፣ ሌላው «ሠላም» ይላል፤ አንዱ «ዓባይ»፣ ሌላው «አባይ» ይላል። መኪናው (ኮምፒዩተሩ ማለት ነው) የሞክሼ ፊደላትን ጠባይ ካልነገሩት አያውቅም፤ በአንዱ ፊደል የተጻፈውን በሌላው የሚፈልግ ተማሪ «እንዲህ ያለ ገጽ የለም» የሚል መልስ ያገኛል፤ ከዚያም ሁለተኛ ገጽ ይከፍትና አንዲቱ ከተማ ሁለት ትሆናለች። ለዚህ መድኃኒቱ ከአንዱ አጻጻፍ ወደ ሌላው የሚመራ መንገድ ማበጀት ነው፤ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ነገር ግን ሕግ የማያነብ ሰው ይህ መንገድ መኖሩን እንኳ አያውቅም።

ስለ ሕዝብ ቁጥር ደግሞ ሰው ሁሉ እንደ ልቡ ይጽፋል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ፍኖተ ሰላም ወደ 26 ሺህ የሚጠጋ፣ ቡሬ ደግሞ ከ20 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበራቸው። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም። ከተሞቹ እንዳደጉ ማንም በዓይኑ ያያል። ስለዚህ የሰማውን ቁጥር የሚያሰፍር «ያደገችውን ከተማ እንዴት አሳንሼ ልጻፍ?» ይላል። መልሱ ግን ግልጽ ነው፦ የቆጠራውን ዓመት ጽፎ ቁጥሩን ማስቀመጥ፤ ኋላ የወጣ የስታትስቲክስ መሥሪያ ቤት ግምት ካለም ግምት መሆኑን ተናግሮ ማከል።

ከሁሉ የሚከብደው ሚዛናዊነት ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። ከበላይ ዘለቀ ስም ፊት «ጀግናው» የሚለውን ቅጽል አራሚ ሲያወጣ ደማቸው የሚፈላ ሰዎች አሉ። ስሜታቸው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን በላይን ታላቅ ያደረገው ቅጽሉ ነው ወይስ ሥራው? በወረራው ዓመታት በጎጃም በረሃ የመራውን ውጊያ፣ ከነጻነት በኋላ ከመንግሥት ጋር የገባበትን ግጭት፣ በ1937 ዓ.ም. በስቅላት መገደሉን በቅደም ተከተል ያነበበ ሰው ፍርዱን ራሱ ይሰጣል። ቅጽል በተቆለለበት ገጽ ላይ ግን አንባቢው አርበኛውን ሳያገኘው የጸሐፊውን ስሜት ብቻ ዐይቶ ይመለሳል። በተለይ የኪነ ጥበብ ሰው ይህን ሊረዳ ይገባው ነበር፤ መድረክ ላይ «እኔ አዛኝ ነኝ» እያለ የሚናገር ገጸ ባሕርይ ተመልካቹን እንደማያስለቅስ ያውቃልና።

ካድሬውና የመሥሪያ ቤት ሠራተኛውም ከዚህ ፈተና ነጻ አይደሉም። በቡሬ የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ መቋቋሙን፣ ምን እንዲያቀነባብር እንደ ታሰበና መቼ ሥራ እንደ ጀመረ መጻፍ ለአንባቢ ዕውቀት መስጠት ነው። «የዕድገት ፋና ወጊ፣ የባለሀብቶች ዓይን ያረፈባት፣ ለምለሚቱ ቡሬ» ማለት ግን ማስታወቂያ ነው፤ ለማስታወቂያ ደግሞ ግድግዳ ሞልቷል። ሕጉ በሚሠራበት መሥሪያ ቤት ገጽ ላይ የሚጽፍ ሰው ማንነቱን በግልጽ እንዲናገር ይጠይቃል። ስሙን ለውጦ አለቃውን የሚያሞግስ ሰው አለቃውን አልጠቀመም፤ የለወጠው ሁሉ በገጹ ታሪክ ላይ ተቆጥሮ ስለሚቀር አንድ ቀን ሲገለጥ ኀፍረቱ የሁለቱም ይሆናል።

ሕጉ የሚፈተነው ደግሞ ቁስሉ ገና ባልሻረበት ቦታ ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም ከተማ የአየር ጥቃት እንደሆነ በተዘገበ አደጋ ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የውጭ ዜና ወኪሎች የሆስፒታል ባለሥልጣን ጠቅሰው ጽፈዋል። ይህን ከከተማይቱ ገጽ መፋቅ የሚፈልግ አለ፤ የከተማይቱ መልክ እንዳይበላሽ ይላል። ቁጥሩን እንዳሻው ማብዛት የሚፈልግም አለ፤ ሐዘኑ እንዳይቀልል ይላል። ሁለቱም ሟቾቹን ይበድላሉ። የመጀመሪያው ሞታቸውን ይሰርቃቸዋል፤ የሁለተኛውም ጥፋት ከዚህ አያንስም፤ ያለ ምንጭ የተጨመረ አንድ ቁጥር የተመሰከረላቸውን ሃያ ስድስቱን ሁሉ ለተጠራጣሪ አሳልፎ ይሰጣልና። ማን ተናገረ፣ መቼ ተናገረ፣ የት ታተመ የሚለው ደረቅ ጥያቄ በሰላሙ ጊዜ የቢሮክራሲ ወግ ይመስል ይሆናል። እንዲህ ባለ ቀን ግን ለሟቹ የሚቆምለት ምስክር እርሱ ብቻ ነው።

ስለ መገልበጥ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ከወጣ ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ነገሩ የአገር ሕግ ነው። የሌላውን መጽሐፍ ምዕራፍ ገልብጦ፣ የሌላውን ፎቶግራፍ አንሥቶ በነጻ መዝገብ ላይ የሚለጥፍ ሰው «ለሕዝብ ጥቅም ነው» ቢልም ደራሲውንና ፎቶ አንሺውን ዘርፏል።

ከግልበጣ የባሰው ግን የማያውቁትን መጻፍ ነው። በስኮትስ ቋንቋ የሚዘጋጀው ውክፔዲያ ውስጥ ከ20 ሺህ በላይ ጽሑፎችን ያስገባው ቋንቋውን በቅጡ የማያውቅ አሜሪካዊ ወጣት እንደ ነበር እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2020 ተገልጦ ዓለምን አስደንቋል። ልጁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሲጽፍ ያደገ ትጉህ ልጅ ነበር። ጥፋቱ የቋንቋው ባለቤቶች ለዓመታት ዘወር ብለው አለማየታቸው ነው። አማርኛም ዛሬ በዚህ አፋፍ ላይ ቆሟል። የትርጉም መኪና የተፋውን ሳያነቡ መለጠፍ ተለምዷል፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለውም መሣሪያ ከዚሁ ከውክፔዲያ እያነበበ ይማራል። ስለ ምዕራብ ጎጃም የተጻፈ አንድ የተሳሳተ ዓረፍተ ነገር በመኪናው አፍ ተመልሶ ለፍኖተ ሰላም ተማሪ የቤት ሥራ መልስ ይሆናል፤ መምህሩም ያርመዋል ተብሎ ይታሰባል፤ መምህሩ ግን «የፈረንጅ ሕግ አልቀበልም» ብሎ ከመዝገቡ ርቋል።

እስካሁን የተወቀሱት ሕጉን የናቁት ናቸው። በሌላው ጫፍ ደግሞ ሕጉን ዱላ ያደረጉ አሉ፤ እነርሱም ሊታለፉ አይገባም። አንድ የቡሬ ወጣት በመጀመሪያ ቀኑ የጻፋትን ሦስት ዓረፍተ ነገር ያለ አንዲት ቃል ማብራሪያ የሚሰርዝ፣ በውይይት ገጹ ለጠየቀው የማይመልስ፣ የሕጉን ቁጥር ብቻ ወርውሮ የሚሄድ አራሚ ሕግ አስከባሪ አይደለም፤ በር ላይ የቆመ ዘበኛ ነው። ሕጎቹ ራሳቸው ጀማሪውን አታሸማቅቁ ይላሉ፤ በመጀመሪያ የሰውየውን ቅን ልቦና ገምቱ ይላሉ፤ ለተጠራጠራችሁት ቃል «ምንጭ ይፈለግለት» የሚል ምልክት አኑሩለት ይላሉ። እንዲያውም አንድ ሕግ መዝገቡን እንዳታሻሽሉ ከከለከላችሁ ያንን ሕግ እለፉት የሚል ሕግ አለ። ዘበኛው እነዚህን አንብቦ አያውቅም፤ አንብቦ ከሆነም ለራሱ ይዟቸዋል። ከዚህም በላይ የሚያሳዝነው ምንጭ ሁሉ በእንግሊዝኛ መሆን አለበት፣ በኢንተርኔትም መገኘት አለበት የሚለው የተሳሳተ ወሬ ነው። እንዲህ የሚል ሕግ የለም። በብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የታተመ የአማርኛ መጽሐፍ፣ ደራሲው፣ ዓመቱና ገጹ ከተጠቀሰ፣ ለንደን ከታተመው እኩል ይቆማል።

እንግዲህ የነገሩ ሥር የት ነው? ሥሩ ከመዝገቡ ውጭ ነው። የፍኖተ ሰላም መምህር ምንጭ ጥቀስ ሲባል የሚቆጣው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቅሰው ስለሌለው ነው። በሃምቡርግ ተዘጋጅቶ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጽ የወጣው ኢንሳይክሎፒዲያ ኢትዮፒካ በእንግሊዝኛ ነው፤ ዋጋውም የወረዳ ቤተ መጻሕፍት የሚችለው አይደለም። በጎረቤት ዩኒቨርሲቲዎች የተሠሩ ጥናቶች በመደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሰዋል። የሽማግሌው ቃል ደግሞ ከሽማግሌው ጋር ይቀበራል። የቃል ምስክርነትን እንዳለ እንደ ምንጭ ለመቀበል በ2011 በሕንድና በደቡብ አፍሪካ ሙከራ ተደርጎ ነበር፤ የመንደር ሰዎች ስለ ጨዋታቸውና ስለ ምግባቸው የተናገሩት ተቀርጾ ከጽሑፉ ጋር ተያያዘ። ሙከራው የሚከበር ነው፤ ግን አጠቃላይ ሕግ አልሆነም፤ ያልሆነበትም ምክንያት አለው። በድምፅ የተቀረጸን ቃል ማን መረመረው? ከጎረቤት ሽማግሌ ቃል ጋር ማን አስተያየው? ይህን የሚያደርግ አዘጋጅ ያስፈልጋል። አዘጋጁም እዚያው አገር ውስጥ መገኘት አለበት።

የባህል ማኅበራትና የባህል ጽሕፈት ቤቶች ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ወቀሳውም የሚከብደው በእነርሱ ላይ ነው። ለአንድ የበዓል ቀን ቲሸርትና ባነር የሚወጣው ገንዘብ ስለ ወጀት፣ ስለ ቡሬ ገበያ፣ ስለ ሰከላ ምንጭ የሠላሳ ገጽ መድበል አያሳትምም ነበርን? መምህራኑ ቃሉን ይሰብስቡ፤ የተናጋሪውን ስም፣ ዕድሜና ቀበሌ በፈቃዱ ይመዝግቡ፤ የሁለትና የሦስት ሽማግሌዎችን ቃል ያስተያዩ፤ የሚለያዩበትን ቦታ ሳይደብቁ ያኑሩ። ጸሐፊው ያልሆነ ሌላ ሰው ይመርምረው፤ ማኅበሩ ያሳትመው፤ ቅጂው በቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው፣ የግድ መምህሩ ያልሆነ፣ ገጹን ጠቅሶ ወደ ውክፔዲያ ያስገባው። ሕጉ ይህን በሁለት እጁ ይቀበላል።

«በጦርነት መካከል ይህ እንዴት ይሆናል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የኢንተርኔት አገልግሎት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር፤ በብዙ ወረዳዎች ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ሠነድ ተቃጥሏል። በዚያ ሁኔታ ስለ መዝገበ ዕውቀት ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሠነድ በሚቃጠልበት ዘመን የቀረውን ቃል መጻፍ ወደ ሌላ ጊዜ የሚተላለፍ ሥራ አይደለም። ለመጻፍም ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ደብተርና እርሳስ ይበቃል፤ ወደ መዝገቡ መግባቱ ቀን ሲገኝ ይደርሳል። የኢጣልያ ጦር ቡሬን ለቅቆ ሲወጣ በመንገድ ዳር ቆሞ ያየ የአሥር ዓመት ልጅ ዛሬ ዘጠናውን አልፏል። በየቀበሌው ጥቂቶች ቀርተው ይሆናል። ድምፃቸውን የሚቀርጸው መሣሪያ በእያንዳንዱ መምህር ኪስ ውስጥ፣ በስልኩ ላይ ይገኛል።